ደህንነትን በጨዋታ፦ ሠራተኛን በነጥብ፣ በእንቆቅልሽና በውድድር ስለማሳተፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕንፃ ግንባታ ላይ የደህንነት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ በብዛት የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ።

ደህንነትን በጨዋታ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጨዋታን አጓጊ የሚያደርጉትን ነገሮች ወስዶ ለደህንነት ሥራ ማዋል ነው። ነጥብ፣ ቡድን፣ ዕጣ፣ እንቆቅልሽ፣ "ማን ቀድሞ አየ" የሚል ፉክክር፤ እነዚህን የመሳሰሉ። ማሽን ላይ ወይም መወጣጫ ላይ የሚጫወት ሰው የለም። ጨዋታው ያለው አደጋን በማየት፣ በመናገርና በማስተካከል ዙሪያ ነው።

ይህ አሠራር በእንግሊዝኛ የሚጠራበት "ጌሚፊኬሽን" የሚለው ቃል የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ በሰፊው የተለመደው ደግሞ ከ2010 ወዲህ። ጃፓኖች ግን ቃሉ ሳይኖር በ1970ዎቹ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩበት ነበር።

ሥልጠና እንሰጣለን፣ ማስጠንቀቂያም ለጥፈናል። ጨዋታው ምን ይጨምራል?

ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን አጭር ስብሰባ አስቧት። ፎርማኑ "ሄልሜት አድርጉ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ተጠንቀቁ" ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ያቺን ንግግር ከልቡ የሚሰማት የለም። የተለጠፈውም ማስጠንቀቂያ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል፤ ዓይን አልፎት ይሄዳል። ጨዋታ ሲገባ ግን ሰሚ የነበረው ሰው ተናጋሪ ይሆናል። ራሱ ያየውን፣ ራሱ የገመተውን ይናገራል። ራሱ የተናገረውን ደግሞ አይረሳም።

የጃፓኑን ልምድ የምወደው ለዚህ ነው። የጃፓን የኢንዱስትሪ ደህንነትና ጤና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 "ዜሮ አደጋ" የሚል ዘመቻ ጀመረ። በዚያው ዘመን "ኪከን ዮቺ" የሚባል ልምምድ ተስፋፋ፤ አደጋን አስቀድሞ መገመት እንደማለት ነው። አምስት ስድስት ሠራተኞች አንድ ሥዕል ዙሪያ ይቆማሉ። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ሥራውን እየሠራ ነው። "እዚህ ውስጥ ምን አደጋ ተደብቋል?" ተብሎ በየተራ ይገመታል። ከተገመተው ውስጥ ዋናውን ይመርጣሉ፣ በመፍትሔው ይስማማሉ፣ ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው በአንድ ድምፅ ይሉታል። ጣት መቀሰሩ ለድምቀት ብቻ አይደለም። የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም በ1990ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ቀላል ሥራ ላይ በጣት እየጠቆሙና ድምፅ እያሰሙ ማረጋገጥ ስህተትን በ85 በመቶ ገደማ ቀንሶታል።

በጀት የለኝም። ከየት ልጀምር?

ከስልካችሁ ካሜራ ጀምሩ። እኔ የጀመርኩት በአንድ ፎቶ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ ጫፉ ላይ የተከመረ ብሎኬት፣ ከሥር ደግሞ ፔርሙስ ይዛ የምታልፍ ሻይ ሻጭ። ፎቶውን በወረቀት አሳትሜ ጠዋት ይዤው መጣሁና "እዚህ ውስጥ ስንት አደጋ አለ?" አልኩ። እኔ አምስት ቆጥሬ ነበር። ሲሚንቶ የምታመላልስ አንዲት ልጅ ሰባት አለች። አንዱ እኔ ያላየሁት፣ ውሃ ውስጥ የተኛ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ሌላው ደግሞ ፎቶው ላይ ጭራሽ የሌለ ነገር ነበር። "ሻይ ሻጯ ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ ነው በዚህ የምታልፈው። ብሎኬት የሚወጣውም አራት ሰዓት ላይ ነው" አለችኝ። በማግሥቱ የሻይ ቦታውን ወደ በሩ አዛወርነው። ልጅቷ ለቡድኗ ሰባት ነጥብ ወሰደች። ወጪያችን አንድ ወረቀት ማሳተም ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነገር እንቆቅልሽ ነው። ሁላችንም ያደግንበት ስለሆነ ሕጉን ማስረዳት አያስፈልግም። "እንቆቅልሽ!" ሲባል "ምን አውቅልሽ!" ለማለት ማንም አይዘገይም። "ጋሻውን ቢያወልቁበት ጌታውን የሚነክስ?" መከለያው የተነሳ ግራይንደር ነው። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። አንድ ግንበኛ መልሱ ጠፍቶበት ጎጃምን ሰጠ፤ ጠያቂው "ጎጃም ገብቼ" እያለ ሲሾም ሲሸለም ሳይቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያ ግንበኛ መከለያ የሌለው ግራይንደር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ፋብሪካችሁ ውስጥ ካይዘን (ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ገብቶ ከሆነ ደግሞ የሥራው ግማሽ ተሠርቷል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚለውን የሚያውቅ ቡድን አላችሁ። አዲስ ቡድን አታቋቁሙ፤ ያንኑ ተጠቀሙበት።

አፕ መግዛት ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ድርጅት ከሆናችሁ ቆጠራውን ያቀልላችኋል። ከዚያ ውጭ ሰሌዳና ጠመኔ፣ ቢበዛ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። ስማርት ስልክ የሌለውን ሠራተኛ ከጨዋታው የሚያስወጣ አፕ ደግሞ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እሱን ነውና።

ነጥብ የሚሰጠው ለምኑ ነው?

ሰው ለሚያደርገው ነገር ስጡ። ምን እንደደረሰበት ወይም እንዳልደረሰበት አትቁጠሩ። ለምሳሌ ለጥቂት የታለፈ አደጋን መናገር፣ የላላ ማሰሪያ አይቶ መጠቆም፣ መፍትሔ ማምጣት፣ አዲስ የገባን ሠራተኛ ቀበቶ አስተሳሰር ማሳየት። እነዚህ ሁሉ በሠራተኛው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ነጥብ የሚገባው "ለጥቂት ተረፍን" የምንለው ነገር ነው። መዶሻ ከላይ ወድቆ ከአንድ ሰው አጠገብ ሲያርፍ "እግዚአብሔር ነው ያተረፈህ" ተባብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ማመስገኑ ተገቢ ነው፤ ግን መዶሻው ለምን እንደወደቀ ሳንጠይቅ መቅረት የለብንም። አሜሪካዊው የኢንሹራንስ ባለሙያ ኸርበርት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1931 ከአንድ ከባድ ጉዳት ጀርባ 29 ቀላል ጉዳቶችና ጉዳት ያላስከተሉ 300 ክስተቶች አሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ቁጥሮቹ በኋላ ብዙ ትችት ገጥሟቸዋል፤ ለየትኛውም ሥራ እንዲሁ የሚሠሩ አይደሉም። የሚወድቅ መዶሻ ግን አንድ ቀን ሰው ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 93 ሠራተኛው የመሣሪያ ጉድለት ሲያገኝ ወዲያው ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ነጥቡ ይህን ግዴታ ሰው ወዶት እንዲፈጽመው ያግዛል።

አደጋ ያልደረሰበትን ወር ብንሸልምስ? ከሁሉ ቀላሉ እሱ አይደለም?

ቀላል ነው፤ ግን እባካችሁ አታድርጉት። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱልኝ።

አንድ ቦታ ስሠራ ወሩ ያለ አደጋ ካለቀ ለሠራተኛው በግ ይታረድ ነበር። ሐሳቡን ደግፌው ነበር፤ እንዲያውም በጉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማዕዱ ቀርቦ ሁሉም ሲበላ አንድ የፌሮ ሠራተኛ በግራ እጁ ሲጎርስ አየሁት። እኛ አገር በግራ እጅ የሚበላ ሰው ሳይታይ አይቀርም። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ጠጋ ብዬ "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። "ምንም አይደል ሴፍቲ፣ ቀላል ነች" አለኝ። ሳወጣው ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ጠቁሯል፤ ይሸታል። ከአምስት ቀን በፊት ብረት መቁረጫው ይዞት ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አርባ ሰው በእኔ ምክንያት ይቅርበት እንዴ?" አለኝ። ክሊኒክ ሲደርስ የጣቱን ጫፍ ማትረፍ አልተቻለም። ያን ልጅ አላጠፋህም አልኩት። ደንቡን ያወጣነው እኛ ነን፤ አምቆ እንዲይዝ ያደረግነው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ በግ አልታረደም።

ይህ እኛ ጋ ብቻ የሆነ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ "ሴፍቲ ቢንጎ" የሚባል ጨዋታ በብዙ ሳይቶች ተለምዶ ነበር። በየቀኑ ቁጥር ይወጣል፣ ገንዘቡም እያደገ ይሄዳል። ሰው ከተጎዳ ግን ገንዘቡ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የተጎዳው ሰው ያን ቀን ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። የአገሪቱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማብራሪያ፣ ሠራተኛ አደጋን ወይም ለጥቂት የታለፈን ነገር ስለተናገረ መሸለም ሁልጊዜ የተፈቀደ ነው ብሏል። ጉዳት ስላልተመዘገበ መሸለም ግን የሚፈቀደው ሠራተኛው ሳይፈራ መናገር እንዲችል አሠሪው በቂ እርምጃ ከወሰደ ብቻ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የነበረው የዲፕዋተር ሆራይዘን የነዳጅ ቁፋሮ መድረክ ላይ የኩባንያ ኃላፊዎች ተገኝተው ነበር። ከጉብኝታቸው ምክንያቶች አንዱ ሰባት ዓመት ከሥራ ያስቀረ ጉዳት ሳይደርስ በማለፉ ሠራተኞቹን ማመስገን ነበር። በዚያው ምሽት መድረኩ ፈነዳ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። ሰሌዳው ሲቆጥረው የነበረው የተላጠ እጅና ወለም ያለ እግር ነው። ጉድጓዱ ውስጥ እየገነነ የነበረውን ግፊት አይቆጥርም።

ሽልማቱ ምን ይሁን? ብር እንስጥ?

ትንሽ ነገር ይሁን። የሞባይል ካርድ፣ የምሳ ግብዣ፣ ቅዳሜ ቀደም ብሎ መውጣት። ሽልማቱ ሲበዛ ሰው ዓይኑን ከአደጋው አንስቶ ሽልማቱ ላይ ያደርጋል። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት "ከሣላችሁ ሽልማት አለ" ተባሉ። ሽልማቱን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ግን በነፃ ሰዓታቸው የሚሥሉበት ጊዜ ምንም ቃል ካልተገባላቸው ልጆች ግማሽ ያህል ሆነ። አዋቂውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ጓደኛውን የሚያስጠነቅቀው ስለሚያስብለት ነው፤ ያን በብር አትለውጡበት።

ዕጣ ግን በደንብ ይሠራል። ስቶክሆልም ውስጥ የፍጥነት ካሜራ ላይ የተሞከረ ነገር ነበር። በፍጥነት ያለፈ ይቀጣል፤ ፍጥነቱን የጠበቀ ደግሞ ዕጣ ውስጥ ይገባል፣ ሽልማቱም ከቅጣቱ ገንዘብ ይወጣል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ32 ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወረደ። እኛ በእቁብ ያደግን ሰዎች ዕጣ ሲወጣ ያለውን የልብ ምት እናውቀዋለን። አደጋ የጠቆመ ሁሉ ስሙ ዕጣ ውስጥ ይግባ፣ አርብ ማታ ሁሉም ፊት ይውጣ።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ ሽልማት አይሁን፦ ጓንት፣ ሄልሜት፣ ሴፍቲ ጫማ። እነዚህን ማቅረብ በአዋጁ አንቀጽ 92 የአሠሪው ግዴታ ነው። "የወሩ አሸናፊ" ተብሎ ጓንት የተሸለመ ሰው አይቻለሁ፤ በጣም ነው ያዘንኩት።

የሠራተኞችን ስም በደረጃ ዘርዝረን ብንለጥፍስ?

የግለሰብ ደረጃ አትለጥፉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኙ የዲዝኒላንድ ሆቴሎች የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሠራተኞች ስምና የሥራ ፍጥነት በትልቅ ስክሪን ይታይ ነበር። ሠራተኞቹ "የኤሌክትሮኒክስ ጅራፍ" ብለው ጠሩት። ወደ ኋላ ላለመቅረት ሽንት ቤት መሄድ የሚተዉ እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በጋዜጣ ወጥቷል።

እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ስሙ መጨረሻ ላይ የተጻፈ ሰው አይከራከርም፤ አንገቱን ደፍቶ ከጨዋታው ይወጣል። ስለዚህ ውድድሩ በቡድን ይሁን። አንደኛውን ብቻ አስታውቁ። ቡድኖቹንም በየወሩ አቀላቅሉ፣ ግንበኛው ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ይሁን። እርስ በርስ ማየት የሚጀምሩት ያኔ ነው።

ማንበብ የማይችሉ ወይም ቋንቋቸው የተለያየ ሠራተኞች ቢኖሩስ?

ፎቶና ቆርኪ ተጠቀሙ። ሦስት ባልዲ አስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሥዕል ለጥፉ። አንዱ ከከፍታ መውደቅ፣ አንዱ ኤሌክትሪክ፣ አንዱ ከላይ የሚወድቅ ዕቃ። አደጋ ያየ ሰው ቆርኪ ይጥላል። ማታ ስትቆጥሩ የትኛው ባልዲ እንደከበደ ታያላችሁ፤ ጠዋት ደግሞ "ይህን የጣላችሁ እስቲ አሳዩን" ብላችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ጣት ለመጠቆም ቋንቋ አያስፈልግም።

ነባር ባለሙያዎች "ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው" ቢሉስ?

ተጫወቱ አትበሏቸው፤ ዳኛ አድርጓቸው። ሰላሳ ዓመት የገነቡ ሰው አሉን። መጀመሪያ ላይ ቆመው ይታዘቡን ነበር። አንድ ጠዋት "ጋሼ፣ እስቲ ዛሬ ጥያቄውን እርስዎ ያውጡልን" አልናቸው። አንድ የተሰነጠቀ አጣና አንስተው "ይህ ስንት ሰው ይችላል?" አሉ። ሁሉም ቁጥር ገመተ። እሳቸው አጣናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰበሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጥያቄ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የልጅ እንዳልሆነ ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ፣ የዓለም ሥራ ድርጅት ባወጣው ግምት በየዓመቱ ወደ 2.93 ሚሊዮን ሠራተኞች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታሉ።

ለነጥብ ብለው የማይረባ ነገር ቢጠቁሙስ?

መጀመሪያ ላይ ይጠቁማሉ፤ ተቀበሏቸው። አፍ እየተፈታ ነው። ከወር በኋላ ግን ነጥቡን ለሁለት ክፈሉት። ለጠቆመ አንድ፣ መፍትሔውን ለነገረ ወይም ላስተካከለ ሦስት። ያኔ የማይረባው ራሱ ይቀንሳል።

ደንብ የጣሰ ሰው ነጥብ ይቀነስበት?

አይቀነስበት። ቅጣት የራሱ መንገድ አለው፤ የራሱ ሕግ አለው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ሰው ጓደኛውን ላለማስቀጣት ዝም ይላል። ጨዋታው ውስጥ የሚጠቆመው አደጋው ነው። የሰው ስም አይጠራም።

ጨዋታው ከገባ ሌላውን የደህንነት ወጪ መቀነስ ይቻላል?

አይቻልም። ክፍት ጉድጓድ ካለ መፍትሔው መክደን ነው፣ ጉድጓዱን ያየ ሰው ነጥብ ማግኘቱ ብቻ ማንንም አያድንም። በአንቀጽ 92 መሠረት የሥራ ቦታውን ከአደጋ መጠበቅ፣ ሠራተኛውን ማስተማር፣ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የአሠሪው ኃላፊነት ነው። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ደህንነቱና ጤናው የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሠራተኛ መብቶች ጋር ደምሮታል።

ጨዋታውን ከሁሉ ቶሎ የሚገድለውም ይኸው ነው። ሠራተኛው ሦስት ጊዜ ጠቁሞ ሦስቱም ካልተስተካከሉ አራተኛ አይጠቁምም። እኛ ሰሌዳው ላይ "የተጠቆመ" እና "የተስተካከለ" የሚል ሁለት ዓምድ አለን። ሁለተኛው ዓምድ የአስተዳደሩ ነጥብ ነው። ሠራተኛው ያየዋል።

እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመዘገበው አደጋና ጥቆማ ይጨምራል። ሥራ አስኪያጁ ሊደነግጥ ይችላል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት። የጨመረው አደጋው ሳይሆን የሚነገረው ነው። ከዚያ ሦስት ነገር እዩ፦ ከተጠቆመ እስከ ተስተካከለ ስንት ቀን ይፈጃል? ያው አንድ ዓይነት ጥቆማ ይደጋገማል ወይ? ዝም ያለው ማነው?

የሦስተኛውን መልስ ቢሮ ተቀምጣችሁ አታገኙትም። እኛ ጋ የሌሊት ኮንክሪት ሙሌት ላይ የሚሠሩት ልጆች ባልዲ ለሁለት ወር ባዶ ነበር። ምንም አደጋ የለም ማለት ነው ያሉ ነበሩ። አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ባልዲዎቹ ያሉበት ጥግ ጨለማ ነው፤ ሥዕሉ አይታይም። እዚያ ለመድረስም ጫፉ ወደ ላይ የቆመ ፌሮ መሻገር ያስፈልጋል። ፌሮውን ቆረጥነው፣ አምፖል ሰቀልን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባልዲዎቹን ስከፍት አሥራ አንድ ቆርኪ አገኘሁ፤ ዘጠኙ ኤሌክትሪክ በሚለው ውስጥ ነበሩ።